ፈረስ ሲበደል አፋችንን የሚያዘጉን የተሳሳቱ አመለካከቶች

ድሬዳዋ ላይ አብዛኞቻችን ዓለም አቀፍ የፈረስ ውድድር የምናየው በስልክ ነው። ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቪዲዮ ስንቀባበል ፈረስ የሚገረፍበት ከመጣ ክርክሩ ይጦፋል። ደጋግመው የሚነሱትን ልመልስ።

«ገመና ማውጣት ስፖርቱን መግደል ነው»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሦስት ኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤቷ እንግሊዛዊት ሻርሎት ዱጃርዲን በፓሪስ ኦሎምፒክ ዋዜማ ከውድድር ወጣች። ስልጠና ላይ የፈረስ እግር በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶባት ነው። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን አንድ ዓመት አገዳት፤ 10,000 የስዊስ ፍራንክም ቀጣት። የፓሪሱ የፈረስ ውድድር ግን ቬርሳይ ላይ እንደታቀደው ተካሄደ። ስፖርቱ አልሞተም።

ግልቢያ የቀረበት ስፖርትም አለ፤ አምስት የተለያዩ ውድድሮችን አንድ ላይ የሚይዘው ዘመናዊ ፔንታትሎን። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ2021 ሴንት ቦይ የተባለ ፈረስ አልዘልም አለ። ጋላቢዋ እያለቀሰች በአለንጋ መታችው፣ አሰልጣኟ ደግሞ በቡጢ። ከፓሪስ በኋላ ግልቢያ ከዚህ ስፖርት ወጣ። ጥፋተኛው ግን ምስሉን ያሳየው ሰው አይደለም። ተወዳዳሪው በዕጣ የደረሰውን፣ የማያውቀውን ፈረስ በ20 ደቂቃ ልምምድ ብቻ ይዞ እንዲገባ የሚያስገድድ ደንብ ነበር።

«ቢያመው ይጮህ ነበር»

አይጮህም። ፈረስ በአውሬ የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን ይደብቃል። ጆሮውን ወደ ኋላ ሲያጥፍ፣ ጭራውን ያለ ዕረፍት ሲያወናጭፍ፣ ከልጓሙ ለመሸሽ አፉን ሲከፍት፣ የዓይኑ ነጭ ሲወጣ እዩት። ቆዳው ወፍራም ነው የሚለውም አያስኬድም። ዝንብ ስታርፍበት እንኳ ቆዳው ይርገበገባል።

«እውነት ቢሆን ያኔውኑ ይናገሩ ነበር»

የዱጃርዲን ቪዲዮ ከዓመታት በፊት የተቀረጸ ነበር። እስኪ አስቡት፦ የጋጣ ሠራተኛው እንጀራው ያለው በአሰልጣኙ እጅ ነው። ተማሪውም ነገ ውድድር የሚገባው በእሱ ፈቃድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዘግይቶ ቢናገር ውሸታም አያሰኘውም። ያየውን፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፍ፤ ቪዲዮውን ሳይቆርጥ ያስቀምጥ። ውድድር ሜዳ ላይ ከሆነ ለዳኛው ወይም ለእንስሳት ሐኪሙ እዚያው ይንገር።

«አቦ፣ የፈረንጅ ስፖርት ነው፤ እኛን ምን አገባን?»

በድሬ ፀሐይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ ጀርባው ቆስሎ የሚገረፈው የጋሪ ፈረስስ የማን ነው? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም በእንስሳት ላይ መጨከንን ያስቀጣል። ባለጋሪውን ግን ሰው መሃል አታዋርዱት፤ እሱም ለልጆቹ ዳቦ እየሮጠ ነው። ጠጋ ብላችሁ «ወንድሜ፣ ቁስሉን አይተኸዋል? ትንሽ ጥላ ሥር አሳርፈው፣ ውኃም ስጠው» በሉት። ብዙው ይሰማል። አልሰማ ብሎ ዱላውን ከቀጠለ ለፖሊስ ንገሩ።