ከመምህር ቤት እስከ ራስ እቶን፦ የዘመናችን የጃፓን ሸክላ ሠሪዎች አሠለጣጠንና የሥራ ሕይወት

በጃፓን ዛሬ ሸክላ ሠሪ የሚባለው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ስሙንና እቶኑን ከአባቱ የወረሰ፣ ቤቱ 16ኛ ትውልድ ላይ የደረሰ ሰው ነው። ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቅርጻ ቅርጽ የተማረ ነው። ሌላዋ ደግሞ የቢሮ ሥራዋን ትታ የከተማ ማሠልጠኛ የገባች ናት። የመጡበት መንገድ ይለያይ እንጂ አንድ ጥያቄ ሁሉንም ይጠብቃቸዋል። ከሌላ ሰው እጅ የተማሩትን ሥራ እንዴት የራሳቸው ያደርጉታል? ስለ ጃፓን ሸክላ ባነበብኩ ቁጥር ቀልቤን የሚይዘው ይኼ ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸክላ ሠሪን እንደ ሠዓሊ በስሙ መጥራት ድሮ በጃፓንም ብዙ የተለመደ አልነበረም። ስማቸው የገነነ ጥቂት ቤቶች ነበሩ። የቀረው ሥራ ግን የብዙ እጅ ነበር። አንዱ ጭቃ ያሻል፣ ሌላው በመንኮራኩር ላይ ቅርጽ ያወጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሌላው እቶን ያነድዳል። ከአፈሩ እስከ እሳቱ ሁሉን በራሱ የሚሠራና በራሱ ስም የሚታወቅ ሸክላ ሠሪ በብዛት የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ኢታያ ሃዛን (1872–1963) የሽግግሩ ሰው ነበር። ቶኪዮ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው። መንኮራኩሩ ላይ የሚቀመጥለት ሌላ ባለሙያ ነበረው። እሱ ቅርጹን ይነድፋል፣ ላዩን ይቀርጻል፣ ቀለሙን ያወጣል። በ1953 የመንግሥትን የባህል ኒሻን ሲቀበል ከሸክላ ሠሪዎች የመጀመሪያው ሆነ።

ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ቶሚሞቶ ኬንኪቺ (1886–1963) የሕንፃና የቤት ውስጥ ንድፍ ተምሮ፣ እንግሊዝ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። ለራሱ አንድ ሕግ አወጣ። «ከጌጥ ላይ ጌጥ አትሥራ» የሚል ነው። የድሮ ሳህን ላይ ያለውን ሥዕል መገልበጥ ትቶ ናራ አውራጃ ባለው የትውልድ መንደሩ እየዞረ ሣሩንና መንገዱን ይስል ነበር። ሳህኑ ላይ የሚያርፈው ጌጥ ከዚያ ይወጣል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። መገልበጥ ዋናው የትምህርት ዘዴ በሆነበት ሙያ ግን ትልቅ ድፍረት ነው።

ሃማዳ ሾጂ (1894–1978) እና ካዋይ ካንጂሮ (1890–1966) ደግሞ የመጡት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ቶኪዮ በከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሸክላን እንደ ሳይንስ ተማሩ። ከዚያም ተከታትለው ኪዮቶ በ1896 የተቋቋመው የከተማው የሸክላ ምርምር ጣቢያ ገቡ። እዚያ ሥራቸው ልባስ መሞከር ነበር። ልባስ የምለው ሸክላው ላይ ተቀብቶ እሳት ሲያገኘው እንደ ብርጭቆ የሚቀልጠውን ሽፋን ነው። አመዱ፣ የድንጋይ ዱቄቱ ወይም ብረቱ በትንሹ ከተለወጠ ቀለሙም ይለወጣል። ሁለቱ ጓደኛሞች እንዲህ እያሉ በሺዎች የሚቆጠር ሙከራ ሠሩ።

ሃማዳ በ1920 ከእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ከበርናርድ ሊች ጋር እንግሊዝ አገር ወዳለችው ሴንት አይቭስ ሄደ። በጃፓን ዓይነት ዳገት ተከትሎ ወደ ላይ የሚሠራ እቶን አብረው ሠሩ። በ1924 ግን የተቀመጠው ከቶኪዮ በስተ ሰሜን ባለችው በማሺኮ ነው። ማሺኮ ያኔ ለቶኪዮ ማድ ቤቶች ድስትና የውኃ ማሰሮ የምትሠራ መንደር ነበረች። ኬሚስትሪ የተማረው ሰው በመንደሩ አፈር መሥራት ጀመረ። ልባሱንም ከአካባቢው ድንጋይና ከአመድ አዘጋጀ። እንደ እኔ የሃማዳ ትልቁ ውሳኔ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው እንግባ። የጥንቱ መንገድ መምህር ቤት ገብቶ ደቀ መዝሙር መሆን ነው። በጃፓንኛ «ዴሺ» ይሉታል። ዴሺው ብዙ ጊዜ እዚያው ያድራል። ግቢ ይጠርጋል፣ እንጨት ይደረድራል፣ ጭቃ ያሻል። «ጭቃ ማሸት 3 ዓመት፣ መንኮራኩር 10 ዓመት» የሚል አባባል አላቸው። አስተሻሸቱ ራሱ ስም አለው። «ኪኩኔሪ» ይባላል፤ አደይ የመሰለው የክሪሳንተመም አበባ ማለት ነው «ኪኩ»። ጭቃው በመዳፍ ይገፋል፣ ትንሽ ይዞራል፣ እንደገና ይገፋል። እጁ የተፍታታ ሰው ሲያሸው እጥፋቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረቡ የአበባ ቅጠል ይመስላሉ። ዓላማው ውስጡ የቀረውን አየር ማስወጣት ነው። አየር የቀረበት ጭቃ መንኮራኩሩ ላይ እጅ ያስታል፣ እሳት ውስጥም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዚያ መንኮራኩሩ ይመጣል። ትልቅ የጭቃ ክምር መሐሉ ላይ ይቀመጣል። ከጫፉ ትንሽ ተይዞ ኩባያ ይወጣል፣ በክር ይቆረጣል። ቀጣዩም ከዚያው ክምር ይወጣል። እጁ አጠገብ «ቶምቦ» የምትባል ትንሽ የቀርከሃ መለኪያ አለች። የውኃ ተርብ ማለት ነው። ቀጥ ባለች ስንጥር ላይ ሌላ ስንጥር ተጋድማባታለች። የቁሟ ጫፍ የኩባያውን ወለል ትነካለች፣ አግዳሚዋ ደግሞ የአፉን ስፋት ትለካለች። ሁለቱም እኩል ከነኩ ኩባያው ልክ ነው። ካልነኩ ጭቃው ወደ ክምሩ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ኩባያ ይሠራል። መምህሩ ብዙ አያስረዳም። ሙያ በዓይን የሚሰረቅ ነገር ነው ብለው ያምናሉ።

የዚህ መንገድ አደጋ ግልጽ ነው። ሌላ ሰው ሆኖ መቅረት አለ። ሺማኦካ ታትሱዞ (1919–2007) ይኼን በደንብ ያውቀው ነበር። አባቱ ቶኪዮ ውስጥ ለጃፓን ባህላዊ ልብስ ለኪሞኖ የሚሆን ገመድ የሚጎነጉኑ ባለሙያ ነበሩ። ልጁ ሸክላ ተማረ፣ ጦርነቱ በርማ ድረስ ወሰደው፣ ተርፎ ተመለሰ። በ1946 የሃማዳ ደቀ መዝሙር ሆነ፤ 3 ዓመት ቆየ። ከዚያ በአውራጃው የሸክላ ምርምር ተቋም ሲሠራ የጥንቱን የጆሞን ዘመን ሸክላ አስመስሎ የመሥራት ዕድል አገኘ። የጆሞን ሰዎች እርጥብ ጭቃ ላይ ገመድ እያንከባለሉ ነበር የሚያስጌጡት። በ1953 ማሺኮ ውስጥ ከመምህሩ ቤት አጠገብ የራሱን እቶን ሠራ። የመጀመሪያ ሥራዎቹ ቁርጥ ሃማዳን ይመስሉ ነበር። ሃማዳም የራስህን ፈልግ አለው።

ፈለገና አገኘው። የተጎነጎነ የሐር ገመድ እርጥቡ ጭቃ ላይ ያንከባልላል። ገመዱ ያተመውን ጎድጓዳ ነጭ ቀጭን ጭቃ ይቀባዋል። ሲጠነክር ላዩን ይፍቀዋል። ነጩ ጭቃ የገመዱ ሠረጎድ ውስጥ ብቻ ይቀራል። የአባቱ ሙያ በዚህ መንገድ በልጁ ሸክላ ላይ ታተመ። በ1996 ሺማኦካ እንደ መምህሩ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ መንግሥት ለባለሙያ የሚሰጠው ማዕረግ ነው።

ሁሉም ግን በእንዲህ ያለ ትዕግሥት አልሄደም። በ1948 ኪዮቶ ላይ ያጊ ካዙኦ (1918–1979)፣ ሱዙኪ ኦሳሙና ጓደኞቻቸው «ሶዴይሻ» የሚባል ቡድን መሠረቱ። የሙያ ቤት ልጆች ናቸው፤ የያጊ አባት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። ሸክላ የግድ ዕቃ መሆን አለበት ወይ? ያጊ በ1954 «የአቶ ሳምሳ የእግር ጉዞ» የሚለውን ሥራ አወጣ። ሳምሳ በካፍካ ልብ ወለድ ወደ ነፍሳት የተለወጠው ሰው ነው። በመንኮራኩር የተሠራ ቀለበት ነው፤ ግን በጎኑ ቆሟል፣ ዙሪያውንም እግር የመሰሉ ትንንሽ ቧንቧዎች ወጥተውበታል። ውኃ አይዝም፣ አበባም አይሰካበትም። ያጊ መንኮራኩሩን አልጣለም፤ የተማረውን እጅ ይዞ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ኋላም በኪዮቶ ከተማ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ቡድኑ እስከ 1998 ቆየ።

የእነዚህ አመፀኞች ተጽዕኖ የቆዩት ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ገባ። አሪታ ከተማ ውስጥ በቀለም በተሳለ ፖርሴሊን (ነጭና ጠንካራ የሸክላ ዓይነት) የታወቀው የኢማኤሞን ቤት 14ኛው ወራሽ ቶኪዮ ውስጥ በሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላ ኪዮቶ የሄደው ከሶዴይሻው ሱዙኪ ዘንድ ለመማር ነው። ተመልሶ የቤቱን ስም ወረሰ። በ2014 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ሲባል ገና 51 ዓመቱ ነበር።

ከቤቶች ሁሉ የሚገርመኝ የኪዮቶው የራኩ ቤት ነው። ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሻይ ሥርዓት ጽዋ ይሠራሉ። መንኮራኩር አይጠቀሙም፤ ጽዋው በእጅ ይበጃል፣ በቢላ ይፋቃል። ጥቁሩ ጽዋ በትንሽ እቶን በከሰል ይተኮሳል። ልባሱ ሲቀልጥ እንደ ፍም የቀላው ጽዋ በጉጠት ተይዞ ይወጣል። የጉጠቱ ጠባሳ ጎኑ ላይ ይቀራል። ያንን ማንም እንደ ጉድለት አያየውም። 15ኛው ኪቺዛኤሞን፣ በ1949 የተወለደው፣ ቶኪዮ ቅርጻ ቅርጽ ተምሮ ሮም ቆይቷል። በ1981 የቤቱን ስም ወረሰ፣ በ2019 ለልጁ አስረከበ። ደግሞ በዚህ ቤት አባት ለልጁ የልባስ አሠራሩን አያስተምርም። እያንዳንዱ ትውልድ ራሱ ይፈልጋል። ጭቃው ግን ይወረሳል፤ ቀደምቶቹ ያስቀመጡትን አፈር የልጅ ልጆች ይሠሩበታል።

ወራሽ ያልሆነ ሰው ዛሬ በብዛት የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው። ኪዮቶ አውራጃዊ የሸክላ ሠሪዎች ማሠልጠኛ አለ፤ እዚያ መንኮራኩር በደንብ ይለመዳል። ፉካሚ ሱኤሃሩ ከዚያ የወጣ ነው። እሱ ግን የታወቀው መንኮራኩር ትቶ ቀጭን ጭቃ በግፊት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየከተተ በሚሠራቸው እንደ ስለት የሾሉ ሰማያዊ ነጭ ፖርሴሊኖች ነው። ጊፉ አውራጃ ታጂሚ ከተማ ደግሞ በ1959 የተቋቋመ የከተማው የሸክላ ንድፍ ተቋም አለ። ኩዋታ ታኩሮ (1981 የተወለደ) መጀመሪያ በመምህር እጅ ሠልጥኖ ቀጥሎ እዚያ ገባ። የሚያበጥ፣ የሚፈነዳ፣ በደማቅ ቀለም የሚንጠባጠብ ጽዋ ይሠራል። ሲታይ እብደት ይመስላል። ነገር ግን በአሮጌው የሻይ ጽዋ ላይ የሚወደዱትን ስንጥቅና የልባስ መሸብሸብ አጋንኖ ማውጣቱ ነው።

ሴቶች ለረጅም ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበሩ። ሴት እቶን አጠገብ መድረስ የለባትም የሚል ልማድ ነበር። በ1957 ቱቦይ አሱካና ሌሎች ሴቶች ኪዮቶ ላይ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱላቸው ደግሞ መምህር ቤት ያልተቀበላቸው በዚያ ገቡ። በኩታኒ ሸክላ የታወቀው የቶኩዳ ያሶኪቺ ቤት ስም በ2010 ለልጃቸው፣ ለሴት ወራሽ ተላለፈ። በ2023 ሎዌ የተባለው የስፔን የፋሽን ቤት የሚሰጠውን የእጅ ጥበብ ሽልማት ከዓለም ያሸነፈችው ኢናዛኪ ኤሪኮ ናት። በአጉሊ መነጽር ሊያዩት የሚያሰኝ ጥቃቅን የፖርሴሊን ቅንጣት አንድ በአንድ እየለጠፈች ትሠራለች።

እንጀራውስ? የጃፓን ሸክላ ሠሪ ዋና መድረክ ኤግዚቢሽን ነው። ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የባህላዊ እደ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ደጋግሞ መመረጥ ስም ያወጣል። ለውጭ ሰው እንግዳ የሚሆነው ትልልቅ የገበያ አዳራሾች የራሳቸው የሥነ ጥበብ ፎቅ ያላቸው መሆኑ ነው። ቶኪዮ ያለው ሚትሱኮሺ አንዱ ነው። ጽዋው የሚሸጠው ሠሪው በብሩሽ ስሙን በጻፈበት ቀላል የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ከጠፋ ዋጋው ይወርዳል። ሃማዳ ሸክላው ላይ ማኅተም አያደርግም ነበር፤ የሚፈርመው ሳጥኑ ላይ ነው።

ከትልልቆቹ ማዕረጎች አንዱ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ነው። ሕጉ የ1950 ሲሆን በ1954 ተሻሽሏል። በ1955 ከሸክላ ሠሪዎች መጀመሪያ የተሰየሙት አራት ናቸው፦ ሃማዳ፣ ቶሚሞቶ፣ አራካዋ ቶዮዞና ኢሺጉሮ ሙኔማሮ። ለተሰየመው ሰው በዓመት 2 ሚሊዮን የን ድጎማ ይሰጠዋል። ተተኪ እንዲያሠለጥን ነው። ካዋይ ግን ማዕረጉን አልቀበልም ብሎ ኪዮቶ ቤቱ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ።

ጀማሪው ከዚህ ሁሉ ሩቅ ነው። የሚከፈለው የእቶን ዕዳ አለ፣ የጋዝ ወይም የእንጨት ወጪ አለ። ለእሱ ማሺኮ ከ1966 ጀምሮ በፀደይና በመጸው የምታካሂደው የሸክላ ገበያ ትልቅ ነገር ነው። በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጡ የመንደሩን እቶኖች አፍርሶ ነበር፤ ጠግነው ቀጠሉ። በገበያው ቀን ወጣቶቹ ድንኳን ተክለው ኩባያና ሳህን ይደረድራሉ። የገባው ገዢ መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። ጽዋውን አንስቶ ይገለብጠዋል። እግሩን፣ ማለትም መቀመጫ ቀለበቱን፣ በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። እዚያ ልባስ አይደርስም። ጭቃው ራቁቱን ነው፤ ጽዋው ሲጠነክር በመሣሪያ የተፋቀበት ምልክት እንዳለ ይታያል። ሠሪው ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ገዢው እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል።