ከማዘጋጃ ቤት እስከ ጣርማ በር፦ ስለ ቴሌቪዥን ታሪክ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሕንጻው የተመረቀበት ቀንና የኃላፊዎቹ ስም ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ለተቀመጠ ተመልካች ግን ዋናው ታሪክ ሌላ ነው፤ ምስሉ በየት በኩል ዞሮ ቤቱ ደረሰ? ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስለ ቴሌቪዥን የሚነገሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወለዱት ይህ ጥያቄ ሲዘለል ነው።

«ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1964 ዓ.ም. ነው፤ ከለሩ ደግሞ በ1984»

ሁለቱም የፈረንጅ ዓመቶች ናቸው፤ «ዓ.ም.» ሲለጠፍባቸው ታሪኩ ይዛባል። ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ 34ኛ የዘውድ በዓል ነበር። ስቱዲዮው የተዘጋጀው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በሥራው የእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ ረድቷል። ስለዚህ «ቴሌቪዥንን ያመጣው ደርግ ነው» የሚለውም አብሮ ይወድቃል። በደርግ ዘመን የመጣው ከለሩ ነው፤ ከሙከራ በኋላ መደበኛው የከለር ሥርጭት የጀመረው ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ሲመሠረትና የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1977 ዓ.ም. መባቻ ነው። «በ1984 ዓ.ም.» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከለሩን ደርግ ከወደቀ በኋላ እንደጀመረ እያደረገ መሆኑን ልብ ይበል።

ከፈረንጅ ጽሑፍ የተወሰደ ዓመት ሲገለበጥ፣ ቀኑ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከሆነ 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። ወሩ ካልታወቀ ዓመቱን በግምት ከመገልበጥ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መተው ይሻላል።

«ከለር ሲጀመር ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች ከጥቅም ውጭ ሆኑ»

አልሆኑም። አገራችን የወሰደችው ፓል የሚባለውን ባለ 625 መስመር ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የምስሉ ብርሃንና ጥላ እንደ ድሮው ይላካል፤ የቀለሙ መረጃ በላዩ ይጨመራል። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የቀለሙን መረጃ ትቶ ብርሃንና ጥላውን ብቻ ያሳያል። በመኪና ባትሪ የሚሠሩት ባለ 12 ቮልት ትንንሽ ቴሌቪዥኖችም የከለሩን ሥርጭት ያለ ምንም ለውጥ ያሳዩ ነበር።

«ደብረ ብርሃን ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታይ ነበር»

ይህኛው ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ለመኪና ቅርብ ነው፤ ለቴሌቪዥን ሞገድ ግን ሩቅ ነው። የምድር ሥርጭት የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለሆነ፣ አስተላላፊውና ተቀባዩ አንቴና መተያየት አለባቸው። ርቀቱን ለማስላት የሁለቱም ከፍታ በሜትር ይያዝና የእያንዳንዳቸው ስኩዌር ሩት ይደመራል፤ ድምሩ በ4.12 ሲባዛ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። አስተላላፊው ከዙሪያው መሬት 400 ሜትር፣ የቤቱ አንቴና ደግሞ 9 ሜትር ከፍ ቢል፣ 20 እና 3 ተደምረው 23 ይሆናሉ፤ 23 በ4.12 ሲባዛ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው የአየር ርቀት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሒሳቡ ሜዳ ላይ እንኳ አይሞላም፤ በመሐል ያለው ጋራ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ከጣርማ በር ወዲያ ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነስቶ፣ በዋሻው አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ የቱንም ያህል ኃይለኛ ማሰራጫ ቢተከል ሞገዱ ገደሉን ተከትሎ ቁልቁል አይወርድም፤ በላይ አልፎ ይሄዳል። ኪሎ ዋት መጨመር ይህን አይፈታውም። መፍትሔው ሪፒተር ነው፤ ከፍ ያለና ሁለቱንም ወገን የሚያይ ቦታ ላይ ተተክሎ፣ በአንድ ቻናል የተቀበለውን በሌላ ቻናል አሳልፎ የሚልክ ማሰራጫ። ቻናሉ የሚቀየረው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ቻናል ቢልክ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ይጮኻል፤ ማይክሮፎን ስፒከር አጠገብ ሲቀመጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። አንድ ሰፈር እያየ ጎረቤቱ ሰፈር የማያየውም በአድልዎ ሳይሆን በተራራ ጥላ ምክንያት ነው።

ይህ ታሪክ በወረቀት ባይገኝ እንኳ ጣራ ላይ ተጽፏል። በአንዳንድ ቤት ቆርቆሮ ላይ፣ በባሕር ዛፍ አጣና ታስሮ የቀረ አሮጌ የአሉሚኒየም አንቴና ይታያል። ከመነቀሉ በፊት ሦስት ነገር ይመዝገብ። አንደኛ አቅጣጫው፦ ረጅሙ ዘንግ በስተኋላ ነው፤ እያጠሩ የሚሄዱት ዘንጎች የሚያመለክቱት ማሰራጫው ወደነበረበት ነው። ሁለተኛ ርዝመቱ፦ ገመዱ የታሰረበት ዘንግ 80 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ የሚቀበለው ከ174 እስከ 230 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ቪኤችኤፍ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዩኤችኤፍ ነው። ሦስተኛ ዘንጎቹ ተኝተዋል ወይስ ቆመዋል? ሥርጭቱም እንደዚያው ነበር። በአንድ ከተማ አምስት ስድስት አንቴና ተለክቶ መስመሮቹ ካርታ ላይ ቢሰመሩ፣ የሚገናኙበት ቦታ ማሰራጫው የነበረበት ኮረብታ ነው። በነፋስ የዞረ አንቴና ስለሚያሳስት ከሌሎቹ የተለየው ይተው።

«የክልሉ ቴሌቪዥን ወደ ቤታችን የሚመጣው ደብረ ብርሃን ካለው ከኤፍ ኤሙ ማማ ነው»

የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ደብረ ብርሃን ላይ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ስላለው ሁለቱ ይምታታሉ። ኤፍ ኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ የሚሄድ የድምፅ ሥርጭት ነው። በዲሽ የሚታየው ቴሌቪዥን ግን 11,000 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከኤፍ ኤሙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ምስሉ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዳለው ሳተላይት ወጥቶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ዋና ስቱዲዮው ባሕር ዳር ስለሆነ ዲሹን «ወደ ባሕር ዳር» ማዞር ትርጉም የለውም፤ ዲሽ ሳተላይቱን እንጂ ከተማውን አያይም።

«ጣቢያው ተዘግቷል፤ ድሮ ይታይ ነበር»

ብዙ ቤት የሚታየው ችግር ይህ ነው፤ ጣቢያው ሳይዘጋ ሳተላይቱ ተቀይሮ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ለብዙ ዓመት ይታዩ የነበሩት 7 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ በናይልሳት ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በጋራ ወደ ኢትዮሳት፣ ማለትም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ዞሩ። ሁለቱ ሰማይ ላይ ፊትና ጀርባ ናቸው። ከደብረ ብርሃን ናይልሳት ወደ ምዕራብ 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ኢትዮሳት ደግሞ ከሰሜን 118 ዲግሪ፣ ማለትም ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 28 ዲግሪ ገባ ብሎ፣ 67 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። በሌሎቹ የዞኑ ከተሞች አቅጣጫው ከ2 ዲግሪ በላይ አይለወጥም። ሪሲቨሩን መልሶ መላልሶ ሰርች ማድረግ ዲሹን አያዞረውም።

ዲሹን ወደ ኢትዮሳት ለማዞር መጀመሪያ የተተከለበት ብረት በቱምቢ ወይም በውሃ ልክ ይታይ፤ ብረቱ ካዘመመ የከፍታው ቁጥር ሁሉ ይሳሳታል። የስልክ ኮምፓስ ከብረትና ከቆርቆሮ 3 ሜትር ያህል ርቆ ይነበብ፤ አጠገቡ ከሆነ ይዋሻል። ሳህኑ ሞላላ ሆኖ ክንዱ ከታች የወጣ ከሆነ፣ ፊቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ብቻ ቀና ማለቱ ይበቃል፤ ቀሪውን ቅርጹ ይሞላዋል። «67 ነው» ተብሎ ወደ ሰማይ ከተጋደመ ምንም አይገኝም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ኤል ኤን ቢውን፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ተቀባይ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብሎ መቆም የለበትም። ከዲሹ ኋላ ቆሞ ወደ ሳተላይቱ ለሚያይ ሰው፣ የገመዱ መግቢያ በሰዓት ገበታ ላይ ቁጥር 4 ወዳለበት መዞር አለበት። በናይልሳቱ አቀማመጥ ከቀረ ሪሲቨሩ የሚያሳየው ጥንካሬ ሞልቶ ጥራቱ ዝቅ ይላል፤ የተወሰኑ ቻናሎች ብቻ ይመጣሉ። ጥንካሬ የሚባለው መስመር ገመዱ መገናኘቱን እንጂ ሳተላይቱ መገኘቱን አያሳይም፤ የሚታየው ጥራት የሚለው ነው። ጥራቱ ብቅ ሲል ዲሹ በጣት ስፋት እየተነካ፣ በየጊዜው 3 ሰከንድ እየተጠበቀ ይስተካከል። ቡለኖቹ አንዱን ከዳር እስከ ዳር ሳይሆን እያፈራረቁ ይጠበቁ፤ አለበለዚያ ሲጠብቅ ይስታል።

«ጉም ነው ያጠፋው»

ጣርማ በርና ደብረ ሲና ላይ ጉም የዕለት እንግዳ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ይላከካል። ጉም የሳተላይት ሞገድን እምብዛም አይነካም። ኃይለኛ ዝናብ ያቋርጣል፤ ሲያባራ ግን ይመለሳል። ዝናቡ ቆሞ እንኳ ምስሉ ካልተመለሰ ብዙ ጊዜ ውሃው የገባው ገመዱ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ይፈታ፤ መዳቡ አረንጓዴ፣ መረቡ ጥቁር ከሆነ እስከ ንጹሑ ድረስ ተቆርጦ እንደገና ይላጥ። የመሐሉ መዳብ ከጫፉ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይውጣ፤ ከመረቡ አንዲት ክር እንኳ መዳቡን ብትነካ መስመሩ ሾርት ይሆናል። ከታሰረ በኋላ ከታች ወደ ላይ በናስትሮ ይጠቅለል፤ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውሃውን ያንጠባጥብ።

«በመስቀል ሰሞን ጠዋት ጠዋት ሆን ብለው ያቋርጡታል»

ማንም አያቋርጠውም። መስከረም 17 አካባቢ ለጥቂት ቀናት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ፀሐይ ልክ በኢትዮሳት ጀርባ ታልፋለች። ዲሹ ያኔ የሚያየው ሳተላይቱንና ፀሐይን በአንድ ላይ ስለሆነ፣ የፀሐይዋ ጩኸት ምልክቱን ይውጠውና ምስሉ ለደቂቃዎች ይሰባበራል። መጋቢት 7 አካባቢም 5 ሰዓት ከ10 ገደማ ይደገማል። በዚያ ሰዓት ዲሹን መነካካት አያስፈልግም። ይልቅ ዲሹ ላይ የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ አርፎ እንደሆነ ይታይ፤ ጥላ ካረፈበት ሳተላይቱም የተጋረደው በዚያው ነገር ነው።