«ይሄ ደቃቃ የት ይደርሳል?» እያላችሁ ልጅ አትመልሱብኝ

በሥራ ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ጅማ ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ሁለቱም ቦታ የምሰማው ስህተት አንድ ዓይነት ነው፤ አንገፍግፎኛል።

«ጉልበታም ልጅ ፈጣን ነው።» አይደለም! ባለፈው ክረምት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡና «ሰውነቱ እንዲገዝፍ ጠዋት ጠዋት ገንፎ በቅቤ እያበላሁት ነው» አሉኝ። ልጁ በሁለት ወር ስድስት ኪሎ ጨምሯል፤ አነሳሱ ግን ከብዷል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው ሕግ ግልጽ ነው፤ አክስለሬሽን (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚጨምርበት መጠን) ማለት ፎርስ (የሚገፋው ኃይል) ለማስ (በኪሎ ለምንለካው የአካል መጠን) ሲካፈል ነው። 80 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ መሬቱን በ320 ኒውተን (በስሙ የተሰየመ የኃይል መለኪያ ነው) ወደ ኋላ ቢገፋ፣ 50 ኪሎው ደግሞ በ250 ቢገፋ፣ ጉልበታሙ የትኛው ነው? ባለ 80ው። አካፍሉታ! የከባዱ ፍጥነት በየሰከንዱ በ4፣ የቀላሉ በ5 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ከቆሙበት ሲነሱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቀላሉ ልጅ ግማሽ ሜትር ቀድሟል፤ ኳሱን የሚነካው እሱ ነው።

«እንግዲያው ቀጭን ይሻላል» የሚሉኝም አሉ። ዩሴይን ቦልት 1.95 ሜትር ቁመትና 94 ኪሎ ገደማ ይዞ ነው በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 መቶ ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ የጨረሰው። መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ለክብደቱ በቂ ነበር። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጁን አታወፍሩት፤ ዳገት አስሩጡት። ወደ ጅሬን የሚወጣው መንገድ አለላችሁ። 20 ሜትር ሽቅብ፣ ስድስት ጊዜ፣ በየመሀሉ በደንብ ይረፍ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው ላይ ዱካውን እዩ። የጫማው ጥርስ ቆፍሮ ከቆመ ገፍቷል፤ ረዥም ጭረት ከሆነ ተንሸራቷል፣ ያ ጉልበት ባክኗል። ጥርሱ ያለቀ ጫማ አታልብሱት።

«ኳሷ ከእግር ከወጣች በኋላም የመቺው ኃይል አብሯት ይሄዳል።» አይሄድም። እግርና ኳስ የሚገናኙት ለአንድ መቶኛ ሰከንድ ያህል ነው። 430 ግራም የምትመዝን ኳስ በዚያች ቅጽበት በሰከንድ 25 ሜትር እንድትበር በአማካይ 1075 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ይህ ከአንድ ኩንታል ቡና ክብደት ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ የሚያገኛት አየሩና የመሬት ስበት ብቻ ነው።

«ውሃ የጠጣች ኳስ ለሚመታት ልዩነት የላትም።» አላት፤ ማሷ ስለጨመረ በዚያው ምት ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ለ10 ዓመት ልጅም የአዋቂዎቹን ቁጥር 5 ኳስ ገዝታችሁ አታምጡ፤ አነስ የምትለው ቁጥር 4 ትበቃዋለች።