የባስ ዋይፋይና ስክሪን፦ የሚባለውና እውነታው

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ ለሚውል ሰው የዘመናዊ ባስ ስክሪን፣ ዋይፋይና ቻርጀር ቅንጦት አይደሉም። ግን በደንብ ስለማናውቃቸው ወይ ያለ አግባብ እንናደዳለን፣ ወይ የሚገባንን ሳንጠይቅ እንወርዳለን።

«ዋይፋይ ካለ ኢንተርኔት አለ።»
ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዋይፋዩ ስልክዎን የሚያገናኘው ባሱ ውስጥ ካለች ትንሽ ሳጥን ጋር ነው። ሳጥኗ ደግሞ ኢንተርኔት የምታገኘው እንደ እርስዎ ስልክ በሲም ካርድ ነው። ጣርማበር ላይ ኔትወርክ ከጠፋ እሷም የላትም። ቢኖር እንኳ ያችኑ አንድ መስመር ተሳፋሪው ሁሉ ይሻማታል፤ ቪዲዮ ቢንቀራፈፍ አይገርምም። አንዳንድ ሲስተሞች ግን ፊልሙንና ሙዚቃውን እዚያው ባሱ ላይ ባለ ሰርቨር (ማከማቻ ኮምፒውተር) ያስቀምጣሉ። ያኔ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም፣ የጣርማበር ዋሻ ውስጥም ቢሆን ፊልሙ አይቋረጥም። ለእኛ ተራራማ መንገድ የሚበጀው ይሄኛው ነው። ስለዚህ ረዳቱን «ዋይፋይ አለ?» ከማለት «ኢንተርኔት አለው ወይስ የውስጥ ፊልም ብቻ ነው?» ብለው ይጠይቁት።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ ያለ ኢንተርኔት አይሠራም።»
ይሠራል። ጂፒኤስ የሳተላይት ምልክት ተቀብሎ ያለንበትን ያሰላል፤ ካርታው ቀድሞ ከተጫነ ዳታ አይፈልግም። ዋሻ ውስጥ ሰማዩ ሲከለል ግን ለጊዜው ይጠፋበታል። እኔ ከፊልሙም ይሄን አስበልጣለሁ። ከከሚሴ በኋላ «ልጄ፣ ሐርቡን አለፍን እንዴ?» እያሉ የሚጨነቁ እናት፣ ወይም ማየት የተሳናቸው ተሳፋሪ፣ በዚሁ ጂፒኤስ የሚሠራ «ቀጣዩ መቆሚያ ሐርቡ» የሚል ድምፅ ቢሰሙ ምን ያህል እፎይ ይላሉ!

«ዘፈኑን ገዝቼዋለሁ፣ ማንንም አላስፈቅድም።»
ሹፌር ዘፈን ገዝቶ ለራሱ መስማቱና ለተሳፋሪ መክፈቱ በሕግ አንድ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ለሕዝብ ማቅረብን የሥራው ባለቤት መብት አድርጎታል። የባቲንና የአምባሰልን ቅኝት ያፈራ አገር ለዘፋኝ ድካም ቢቆረቆር ያምርበታል።

«ስልክ ሲበዛ የባሱ ባትሪ ይሞታል።»
ትልልቅ ባሶች ባብዛኛው 24 ቮልት ናቸው፤ የዩኤስቢ ሶኬቱ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። ሞተሩ እየሠራ ኃይሉን የሚያመነጨው ዲናሞው ነው። አንድ ስልክ 10 ዋት ቢስብ 40 ስልክ 400 ዋት ነው፤ ኤሲው ከሚበላው አንፃር ትንሽ ነው። ምሳ ላይ ሞተር ጠፍቶ ቆይታው ሲረዝም ግን ረዳቱ ቻርጀሩን ቢዘጋው እውነት አለው።