«አላማሩኝም»፦ ክሊኒካዊ ማመዛዘን በነርስ ሥራ

ተረኛ ነርሶች ርክክብ ላይ ደጋግመው የሚሏት ነገር አለች፦ «የእኚህ ታካሚ ሁኔታ አላማረኝም።» ትኩሳት የለም፣ ግፊቱም አልወረደም። ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ክሊኒካዊ ማመዛዘን፣ ተማሪዎች «ክሊኒካል ጀጅመንት» የሚሉት፣ ይህችን «አላማረኝም» ይዞ ማስረጃ መፈለግና በጊዜ እርምጃ መውሰድ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርሲንግ ባሳተመችው ጽሑፍ ታካሚን ለማስተዋል ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥታለች። የነርሲንግ ምሁሯ ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በ5 ደረጃዎች እንደምታድግ ጻፈች። ጀማሪዋ ደንብ ትከተላለች፤ ልምድ ያላት ደግሞ ታካሚውን በአጠቃላይ አይታ ነገሩን ቶሎ ትይዘዋለች። ሌላዋ የነርሲንግ ምሁር ክሪስቲን ታነር እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 200 የሚጠጉ ጥናቶችን መርምራ ሥራውን በአራት ከፈለችው፦ ማስተዋል፣ መተርጎም፣ ምላሽ መስጠት፣ መለስ ብሎ ማሰብ። ተማሪዎች ሦስተኛው ላይ ይጨነቃሉ፤ «ምን ላድርግ?» እያሉ። እኔ እስከማየው ግን ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ላይ ነው። ያልታየ ነገር አይተረጎምም።

አንድ ምሳሌ እንይ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዋርድ ገባ። ሲገባ የልብ ምቱ 84፣ ትንፋሹ 16፣ የደም ግፊቱ 118/76 ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ 98፣ 20 እና 116/82 ሆነ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ደግሞ 112፣ 24 እና 114/90። በደሙ ያለው ኦክስጅን ያለ ተጨማሪ ድጋፍ 97 በመቶ ነው፤ ሙቀቱ 36.4 ነው። ፋሻው ደረቅ ነው። ሰውየው አንሶላውን ይገፋል፣ ይገላበጣል፣ «ውሃ ስጡኝ» ይላል።

የላይኛውን ግፊት ብቻ ያየ ተማሪ «ስቴብል ነው» ብሎ ያልፋል። ልምድ ያላት ነርስ ግን ሦስቱን መስመሮች አንድ ላይ ታነባለች። ምቱና ትንፋሹ እየወጡ ነው። በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ከ42 ወደ 24 ጠቧል። ይህ ማለት የደም ሥሮች ተኮማትረው ግፊቱን እንደ ምንም ይዘውታል። አዋቂ ሰው 30 በመቶ የሚጠጋ ደሙን አጥቶ እንኳ የላይኛው ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። የወረደ ቀን ብዙ ጊዜ አልፏል።

ስለዚህ ትፈልጋለች። የሽንት ከረጢቱን ታያለች፦ በመጨረሻው ሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ብቻ። በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር ቢታሰብ ቢያንስ 35 መሆን ነበረበት። እጇን ከጀርባው ሥር ትሰዳለች፤ ደም ወደ ታች ስለሚፈስ ከላይ የደረቀ ፋሻ ሥር የራሰ አንሶላ ሊኖር ይችላል። እዚያም ደረቅ ነው። ሆዱን ስትነካው ግን ቅድም ከነበረው ይልቅ ተወጥሯል። አሁን «አላማረኝም» ስም አገኘ፦ ምናልባት ውስጥ እየደማ ነው።

የማስጠንቀቂያ ነጥብስ? በብሪታንያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው «ኒውስ» የሚባለው፣ ለትንፋሽ፣ ለምት፣ ለግፊትና ለመሳሰሉት ነጥብ የሚሰጥ መለኪያ ጥሩ ነገር ነው። ድምሩ 5 ሲሞላ አስቸኳይ ግምገማ፣ 7 ሲሞላ የድንገተኛ ቡድን ይጠራል። የእኛን ሰው ብንደምረው ለትንፋሹ 2፣ ለምቱ 2፣ ሌላው ሁሉ ዜሮ። 4 ነው። ከመስመሩ በታች! ሽንቱ፣ ጥማቱ፣ የተወጠረው ሆድ መለኪያው ውስጥ የሉም። ነጥቡ ሳናየው ያለፍነውን ታካሚ እንድናስተውል ያግዛል እንጂ ያስተዋልነውን እንድንረሳ አይደለም። ድንገተኛ ቡድን ያላቸው ብዙ ሆስፒታሎችም የነርስን ስጋት ብቻውን ለመጥራት በቂ ምክንያት አድርገው ይቀበላሉ።

መጥራትም ራሱ ሙያ ነው። «ዶክተር፣ 6ኛ አልጋ ትንሽ ደህና አይደሉም» ካልን መልሱ «እሺ፣ እመጣለሁ» ነው፤ መቼ እንደሆነ ፈጣሪ ይወቅ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ሆስፒታል የተሻገረው «ኤስባር» የሚባለው ዘዴ ንግግሩን ያሳጥራል፦ ምን ተፈጠረ፣ ከምን ተነሣ፣ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። «ዶክተር፣ 6ኛ አልጋ ያሉት ሆድ ውስጥ እየደሙ ይሆናል ብዬ ሰግቻለሁ። ከቀዶ ሕክምና ከወጡ 2 ሰዓታቸው ነው። ምታቸው ከ84 ወደ 112፣ ትንፋሻቸው ከ16 ወደ 24 ሄዷል፤ ሽንት 20 ብቻ፤ ሆዳቸው ተወጥሯል። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ።»

ቁጥሮች የሚያታልሉባቸው ቦታዎችም አሉ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያለ የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እየደማም ምቱ ላይፈጥን ይችላል። አረጋውያን ኢንፌክሽን ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው፣ ይልቁንም ድንገት ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። የስኳር ታካሚ ደረቱን ሳያመው ሃርት አታክ ሊይዘው ይችላል። በጭስ የታፈነ ሰው ጣት ላይ ያለው ኦክሲሜትር፣ የደም ኦክስጅን መለኪያው፣ 98 ሊያሳይ ይችላል፤ መሣሪያው ኦክስጅን የተሸከመውን ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚውን) የጭሱን መርዛማ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተሸከመው አይለይምና።

ከሁሉ የሚናቀው ግን ትንፋሽ ነው። ዋርዱ ሙሉ ሰው በደቂቃ በትክክል 20 ጊዜ የሚተነፍስበት ቻርት ያላየ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አልተቆጠረማ! ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ታካሚው ሲያውቅ ስለሚቀይረው ምቱን የምንለካ መስለን አንጓውን እንደያዝን።

በአሜሪካ የነርሶች ፈቃድ ፈተናም ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ክሊኒካዊ ማመዛዘንን ይለካል። የአንድ ታካሚ ታሪክ እየተገለጠ በ6 ጥያቄዎች ይሄዳል፤ ከፍንጭ መለየት ተነሥቶ ውጤት እስከ መገምገም።

የመጨረሻዋ እርከን ዋርድ ላይ በቀላሉ ትዘለላለች። ሐኪሙ መጥቷል፣ ፈሳሽ ተጀምሯል፣ ደም ታዝዟል፤ ሁሉም ተንፈስ ይላል። ነርሷ ግን የጠራችበትን ሰዓት ቻርቱ ላይ ትጽፋለች፤ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ተመልሳ አንጓውን ትይዛለች። ምቱ 112 ነበር። አሁንስ?