እንዶድ ምንድን ነው?

ወደ ሱሉልታ ስትወጡ የገበሬ አጥር ላይ የተጠመጠመ፣ አንዳንዴም ዛፍ ላይ የተንጠላጠለ ቁጥቋጦ ታያላችሁ። ፍሬው አተር አተር የሚያክል ሆኖ በዘለላ ይወርዳል። እንዶድ እሱ ነው። አይበላም፣ መርዝ ነው። ግን ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የእናቶቻችንን ነጠላና ጋቢ ያነጣው ይኸው ፍሬ ነው።

አያቴ የምትለቅመው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ እያለ ነበር። ደህና አረፋ የሚሰጠው ያኔ ነው። ሰፌድ ላይ አስጥታ ታደርቀዋለች፣ ከዚያ ትወቅጠዋለች። ስትወቅጥ አፍንጫዋን በሻሽ ትሸፍናለች፤ ብናኙ አያድርስ ነው፣ በማስነጠስ ይገድላል። ሙቀጫውም ለብቻው ነው፣ ቡና አይወቀጥበትም። ዱቄቱን ውሃ ውስጥ በጥብጣ በእጇ መታ መታ ስታደርገው አረፋው እንደታለበ ወተት ይቆለላል። ጋቢው ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ እኛ ልጆቹ ገብተን እንረግጠዋለን። ጥለት ያለውን ልብስ በሌላ ነገር አታጥብም ነበር።

አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማም ለትልቅ ግኝታቸው የበቁት በዚሁ አረፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የቢልሃርዚያ ትል ደግሞ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ተቆረጠ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ የምርምር ተቋምም ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል። እኔ ይህን ሳስብ ደስ የሚለኝ ነገሩ የተጀመረው ከልብስ አጣቢዎቹ እግር ስር መሆኑ ነው።

ለኮሶ ወይም ለማስወረጃ ብለው የሚጠጡት አሉ። እባካችሁ፣ በጭራሽ! ሰው ሞቶበታል። ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ ያጠባችሁበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉ። አያቴ ሳፋውን ተሸክማ ከጅረቱ ራቅ ብላ፣ ደረቅ አፈር ላይ ነበር የምትደፋው።