መተግበሪያን ወደ አማርኛ መመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የስልክ መተግበሪያ ወደ አማርኛ ይመለስ ሲባል ለተርጓሚው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ የቃላት ዝርዝር ነው። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚያው ነው።

«ቃላቱ ከተተረጎሙ ሥራው አለቀ»

አላለቀም። የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ እንውሰድ። ሠሪው «ልከዋል»፣ «ለ» እና የተቀባዩን ስም ለየብቻ አስቀምጦ በእንግሊዝኛው ተራ ሲገጣጥማቸው «ልከዋል 100 ብር ለ አልማዝ» የሚል ነገር ይወጣል። የእኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ «ለ»ም ከስሙ ተነጥላ አትቆምም። ለተርጓሚው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሰጠው፤ ለስሙና ለገንዘቡም ቁጥር የተሰጣቸው ክፍት ቦታዎች ይተዉለት። ያኔ «ለአልማዝ 100 ብር ልከዋል» ብሎ ያስተካክለዋል።

ጾታ ግን ገና ይቀራል። አልማዝ በተራዋ ስትልክ «አልማዝ 100 ብር ልኳል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ስልኩ ሴት መሆኗን በምን ያውቃል? እኔ «ከአልማዝ 100 ብር ደርሶዎታል» ብዬ አልፈዋለሁ። «አስገባ» ይሁን «አስገቢ» የሚለውን ክርክርም «ያስገቡ» ይገላግላል፤ አንቱታ እዚህ ላይ ከጨዋነትም በላይ ይጠቅማል።

«ቋንቋው ሲቀየር ቀኑና ሰዓቱም አብረው ይቀየራሉ»

ወደ አማርኛ በተመለሰ ስልክ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው «ሴፕቴምበር» እንጂ «መስከረም» አይደለም፤ የተለወጠው ፊደሉ ነው፣ የዘመን አቆጣጠሩ እንደነበረ ነው። ሰዓቱ ይብሳል። «8፡00 ጥዋት» ተብሎ የተተረጎመ የሐኪም ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ስምንትን ብቻ ያየ በሽተኛ ግን ከምሳ በኋላ ይመጣል።

«መተግበሪያ የግድ የስልኩን ቋንቋ ይከተላል»

ከአይፎኑ ሥርዓት ከአይኦኤስ 13 (እ.ኤ.አ. 2019) እና ከአንድሮይድ 13 (እ.ኤ.አ. 2022) ወዲህ፣ ሠሪው ካመቻቸው፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ሆኖ አንዱን መተግበሪያ ብቻ ከስልኩ ቅንብሮች ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል።

«በቋንቋ መምረጫው ዝርዝር ላይ ለአማርኛ የኢትዮጵያ ባንዲራ ይበቃል»

ትግርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው የት ይሂድ? ባንዲራ የአገር ነው። ቋንቋው ስሙ በራሱ ፊደል ይጻፍ። አክስቴ አንድ መተግበሪያ ሳታውቀው ወደ ቻይንኛ ቀይራ «አማርኛ» የሚለውን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው፤ ዝርዝሩ አማርኛንም በቻይንኛ ነበር የጻፈው። እኔ ዘንድ እስክትመጣ ሦስት ቀን አልከፈተችውም።